መሬቱ እስኪዘጋ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። አርባ ዓመት በአናጢነት ሲኖር ሜትሩ ከቀበቶው ተለይቶ አያውቅም፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ይዞት ይወጣል፣ ዳቦውን ይለካበት ይመስል። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የምትለዋን አባባል ሌላው ሰው ለወግ ይጠቀምባታል፤ እሱ ግን የምሩን አሥር ጊዜ ይለካ ነበር። ደንበኛ በመዘግየቱ ይማረራል፣ ሌላ አናጢ እፈልጋለሁ ብሎ ይዝታል። በሩ ከተገጠመ በኋላ ግን «አልዘጋም አለኝ» ብሎ የተመለሰ አንድም ሰው የለም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በስተርጅናው አንድ ቃል ሳይለካ የሰጠው። የሰጠውም በሚስቱ ጉዳይ ነው።

ሚስቱን ጎረቤቱ «እትዬ ቡቃያ» ይላታል። ስሙ ያለምክንያት አልወጣላትም። ይህን ቤት ሲገዙ ከጀርባው ያለው ጓሮ የጡብ ስብርባሪ፣ የዛገ ቆርቆሮና የተሰባበረ ጠርሙስ የሞላበት ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ለካው፤ ርዝመቱ አሥራ አራት ሜትር፣ ወርዱ ስድስት ከሰማንያ። የእንጨት መጋዘን ይወጣዋል ብሎ አሰበ። እሷ ደግሞ በማግስቱ ባልዲ ይዛ ወጥታ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች። አንድ ዓመት ሙሉ ለቀመች። ትልቋ ልጃቸው ዳዴ ያለችው በዚያ የጡብ ክምር ዙሪያ ነው። መጋዘኑ ሐሳብ ሆኖ ቀረ፤ በቦታው ስምንት መደብ አትክልት በቀለበት።

አናጢው ከአትክልት ጋር ተግባብቶ አያውቅም። «የእኔ ሥራ ከሞተ እንጨት ጋር ነው፤ ሕያው ነገር አይሰማኝም» ይላል። በጓሮው ውስጥ የእሱ ድርሻ አንድ ብቻ ነበር፣ ችካል መጥረብ። ሚስቱ አንድ መደብ ላይ ዘር ስትጥል በመደቡ ራስ ላይ አንድ ችካል ትተክላለች፤ ቁመቷ ስንዝር፣ ጫፏ የሾለ፣ አናቷ ቀይ ቀለም የተቀባ። ሰብሉ ሲነሳ ችካሏን ትነቅልና በውሃ አጥባ መስኮቱ ላይ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ታቆማታለች። ከዚያ መደቡን በዶማ ቆፍራ የረገፈ ቅጠል ታለብሰዋለች። ይህን «መሬት መዝጋት» ትለዋለች። ችካል ያለው መደብ ሰው አለበት፤ ችካል የሌለው ባዶ ነው፣ ተኝቷል፣ አይነካም። ልጆቹ እንኳ ኳስ ሲያባርሩ የትኛውን መደብ መርገጥ እንደሚችሉ በችካሉ ነበር የሚያውቁት።

ሕመሟ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያስቃቸው ነበር። ሾርባው ውስጥ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች። መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ ቤቱን ታምሳለች። «አረጀሽ እኮ» ይላታል፤ «አንተ ቀድመኸኝ» ትለዋለች። ቀስ በቀስ ሳቁ እየሳሳ ሄደ። ከገበያ ስትመለስ መንገዱ ጠፋባት። እሱን በታናሽ ወንድሙ ስም መጥራት ጀመረች። የአሮጌው ማበጠሪያዋ ጥርስ ቢረግፍ አዲስ ገዝቶ መስተዋቱ ሥር አስቀመጠላት፤ «የየትኛዋ ሴት ማበጠሪያ ነው ቤቴ ውስጥ የተቀመጠው?» ብላ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አናጢው በዓይኗ የማታውቀውን ዕቃ ፊቷ ማስቀመጥ ፈራ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ምድጃው ላይ ፎጣ ጥላ ረሳችና የኩሽናው መጋረጃ ተቃጠለ። በሳምንቱ ጎረቤታቸው የሆነች ነርስ ከሥራ ስትመለስ እትዬ ቡቃያን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ በመኝታ ልብሷ ቆማ አገኘቻት። እናቷ ቤት የሚሄደውን አውቶቡስ ነበር የምትጠብቀው፤ እናቷ ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏል። አናጢው በዚያኑ ቀን በመንገዱ በር ላይ፣ ከላይ በኩል፣ እጇ በማይደርስበት ቦታ መወርወሪያ ገጠመ። በሕይወቱ ስንት መወርወሪያ ገጥሟል፣ እንደዚያ ያስጠላው ግን የለም። የጓሮውን በር ተወው። ጓሮ ወጥታ ጠፍታ አታውቅም።

ትልቋ ልጅ በሌላ ከተማ የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። የመጋረጃውን ወሬ ስትሰማ መጣች።

«አባዬ፣ የአረጋውያን መጦሪያውን ሄጄ አይቼዋለሁ» አለችው። «ንጹሕ ነው። ነርስ አለ፣ ሐኪም አለ። ከትምህርት ቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በየቀኑ አያታለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተን አይቀበሉም፣ የሴቶች ነው። አንተ እኔ ጋ ትመጣለህ።»

«አራተኛ ፎቅ።»

«አዎ። አራተኛ ፎቅ።»

የአናጢው ልብ ሦስት ደረጃ ወጥታ አንዴ ካላረፈች እንደማይሆንላት ሁለቱም ያውቃሉ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ይህን መናገር ያስፈልጋል፣ ሰፈሩ በኋላ ክፉ ናት ብሎ አውርቶባታልና። ይህን ሁሉ የምትናገረው የእናቷን ጥፍር እየቆረጠች ነበር። 

ቃሉን የሰጠው ያን ጊዜ ነው። «እሺ» አለ። «ግን አትክልቷን ትሰብስብ። የመጨረሻው ሥር ከመሬት ይውጣ፣ መሬቷን ትዝጋ። ከዚያ ውሰጃት።»

«ቃልህ ነው አባዬ?»

«ቃሌ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቲማቲሙ ያኔ ገና አረንጓዴ ነበርና መኸር ሩቅ መሰለው።

መኸሩ ግን መጣ። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ የሚያርፈው ጤዛ ቀዘቀዘ፤ የጎረቤቱ ዛፍ ቅጠሉን በአጥር እያሻገረ ያራግፍባቸው ጀመር። ባልና ሚስት በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ የሹራቧን እጅጌ ከአንገቱ መለየት የሚያቅታት ሴት ጓሮውን ስትረግጥ ሌላ ሰው ትሆናለች። ዶማ ስትይዝ ወገቧ ይቃናል። ምላሷም ይፈታል፣ በተለይ ባሏን ለመስደብ።

«አንተ ሰው፣ ዱባ በአንገቱ አይንጠለጠልም! እንደ ሕፃን ከሥሩ እቀፈው።»

«እሺ እመቤት።»

«እሺ አትበለኝ፣ እቀፈው። አንገቱ ከተቀነጠሰ ይበሰብሳል። ስንቴ ልንገርህ?»

እሱም አቅፎ ያወጣል። ዱባዎቹን ቅርፊታቸው እስኪጠነክር ሳንቃ ላይ ለፀሐይ ደረደሯቸው። ሽንኩርቱን ነቅለው ከነቅጠሉ በአሮጌ ሽቦ አልጋ ላይ አሰጡት። የቀይ ሥሩን ቅጠል በቢላዋ ሊቆርጥ ሲል እጁን መታችው፤ ለካ በእጅ ተጠምዝዞ ነው የሚነሳው፣ በስለት ከተነካ ደሙ ይፈስና ይጠወልጋል። የካሮቱን ግማሽ እሱ በሠራው ሣጥን ውስጥ ከነአፈሩ፣ አንድ ረድፍ ካሮት አንድ ረድፍ አሸዋ እያደረጉ አስተኙት። ሊያጥበው ባልዲ ሲያነሳ፣ «ካሮት ታጥቦ አይተኛም፤ አንተ ነህ ሳትታጠብ የማትተኛው» ብላ ሳቀችበት። ሳቋ የድሮው ነው። ስሙንም ጠራችው፣ የራሱን ስም፣ የወንድሙን ሳይሆን።

አርባ ሦስት ዓመት አብሯት ኖሮ ይህን ሁሉ የተማረው በዚህ መኸር ነው፤ ትምህርቱም ጣፈጠው። ችግሩ አንድ መደብ ባለቀ ቁጥር አንድ ችካል ታጥቦ መስኮቱ ላይ ይቆማል። ሁለት ሆኑ፣ ሦስት ሆኑ፣ አራት። አናጢው ኩሽና በገባ ቁጥር ዓይኑ ቆርቆሮው ላይ ያርፋል፤ የተቀባው ቀይ አናታቸው ይታየዋል።

ያን ጊዜ ማዝገም ጀመረ። አልሸሹም ዞር አሉ ይሉታል ይህን። አንድ ቀን ጉልበቴን ቆረጠመኝ አለ። አንድ ቀን ሰማዩ ከብዷል አለ፣ ሰማዩ እንደ ብርጭቆ እየጠራ። ቀድሞ በአንድ ጠዋት የሚያነሱትን መደብ አሁን በቀን አንድ ረድፍ አደረገው። እሁድ እሁድ ልጅቷ ስትደውል ግን አይዋሽም። መዋሸት አያውቅበትም፣ ወይም ሜትር የያዘ ሰው መዋሸት ይከብደዋል።

«ምን ቀረ አባዬ?»

«ጥቅል ጎመን አለ። ግማሽ መደብ ካሮት አለ። ፎሶሊያው ገና አልደረቀም፣ ድንቹም አልተነካ።»

«ባለፈው እሁድም እንዲሁ ነበር ያልከኝ።»

«እንደዚያው ነው ያለው።»

 ከዚያ ልጅቷ «እሺ አባዬ፣ እጅህን ብርድ አይምታው» ትልና ትዘጋለች።

የመዘግየቱ ዋጋ ሳይውል ሳያድር ታየ። ጥቅል ጎመን ሰዓቱ ሲያልፍ ከመሐሉ ይፈነዳል። ነርሷ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ጋሼ፣ ጎመኑ እኮ እየተሰነጠቀ ነው፤ ልርዳዎት እንዴ?» አለችው። «ተይው ልጄ፣ ይቆይ» አላት። ይበስብስ ማለቱ ነበር። ጎመን ቢበሰብስ ጎመን ነው፣ ሚስቱ ግን ቤቷ ውስጥ ትውላለች፤ ስሌቱ እንዲህ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ የፈነዳውን ጎመን በሁለት እጇ ይዛ መደቡ መሐል ቆማ አገኛት። ስንጥቁ ውስጥ ትል ገብቶበታል። ታለቅሳለች።

«ምነው? ምን ሆንን?» አለችው። «እንዲህ ሰንፈን እናውቃለን እኛ?»

 አናጢው ቤት ውስጥ ማልቀሷን ለምዶታል፤ ጓሮ ውስጥ ስታለቅስ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው፣ ያስለቀሳትም እሱ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ጎመኑን ከእጇ ተቀበላትና ቢላዋውን አመጣ። በዚያ ሳምንት ጎመኑንም፣ ካሮቱንም፣ ፎሶሊያውንም አነሱ። መስኮቱ ላይ ሰባት ችካል ቆመ። የቀረው የድንቹ መደብ ብቻ ነበር።

ያዳነው የመሰለው ነገር የተገኘው በዚያው ሰሞን ነው። ዕቃ ቤቱን ሲያስተካክሉ ሚስቱ ካምናው የተጎነጎነ ነጭ ሽንኩርት ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ አየች። አንዱን ራስ ፈልቅቃ ፍሬውን መዳፏ ላይ አገላበጠችው። «ይሄ ብርድ ካልመታው ራስ አይሠራም» አለች፣ የተጻፈ እንደምታነብ ዓይነት። «ከውርጩ በፊት ነው የሚቀበረው። ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ። ከዚያ ዘጠኝ ወር አትንካው፣ ይተኛ።» ይህን ብላ ፍሬውን ኪሷ ከተተችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ተናግራ የጨረሰችው ነገር ከአእምሮዋ ወጥቷል። እሱ ግን እንጨት ሆኖ ቀረ። ዘጠኝ ወር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አናጢውም የያዘው የራሱን ቃል ነው። «የመጨረሻው ሥር ከመሬት ይውጣ» ነው ያለው፣ ሌላ አላለም። ነጭ ሽንኩርት ሥር ነው። መሬት ውስጥ እስካለ መሬቱ አልተዘጋም።

በማግስቱ እሷ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ወጣ። ከመደቦቹ ሁሉ ከቤቱ የራቀውን፣ ግድግዳው ሥር ያለውን፣ ከወር በፊት የዘጋችውን መረጠ። ቅጠሉን ወደ ጎን ጠረገ፣ ሲባጎ ወጠረ፣ ሜትሩን ዘረጋ። በየአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትሩ አንድ ፍሬ፣ ሹሉ ወደ ላይ፤ በመስመር ሃያ አራት፣ አራት መስመር። ዘጠና ስድስት ፍሬ። መሬቱ ላይ ተንበርክኮ፣ ልቡ ጆሮው ውስጥ እየመታች፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕያው ነገር ተከለ። አፈሩን መለሰ፣ ቅጠሉን መለሰ። ሰው የነካው አይመስልም።

አብሯት ለምን አልተከለም? አፈረ። የእሷን መሬት የማጭበርበሪያ መሣሪያ ሊያደርገው ነው፤ በዓይኗ ፊት እንዴት ያድርገው? ኩሽና ገብቶ ከቆርቆሮው አንድ ችካል አነሳ። በራሱ እጅ የጠረበው ነው፣ ቀለሙን የቀባው ራሱ ነው። ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ ማበጠሪያው ትዝ አለው። ያልተከለችውን ችካል ብታየው፣ ማነው መሬቴ ውስጥ የገባው ብላ ብታለቅስስ? ትንሽ ቆሞ አሰበና ችካሉን መልሶ ቆርቆሮው ውስጥ አኖረው። ሁሉን ነገር ለክቶ ይህችን ብቻ በግምት አደረጋት።

የድንቹን መደብ በሦስተኛው ቀን አነሱ። ሚስቱ ስምንተኛውን ችካል አጥባ ስታቆም እጆቿን በሽርጧ ጠረገችና «ተዘጋ» አለች። ፊቷ ላይ የረካ ሰው ድካም ነበር። እሁድ ልጅቷ ደወለች።

«ምን ቀረ አባዬ?»

«ነጭ ሽንኩርት።»

«እሱ ደግሞ ስንት ቀን ይፈልጋል?»

«ስትመጪ እነግርሻለሁ።»

ቅዳሜ እመጣለሁ አለችው። ቅዳሜ ጠዋት አናጢው ለሚስቱ አንድ ሳፋ ደረቅ ፎሶሊያ ከነቅርፊቱ ሰጥቷት፣ ኩሽና ውስጥ ፀሐይ የምትገባበት ቦታ አስቀመጣት። ፎሶሊያ ስትፈለፍል ሁለት ሦስት ሰዓት አትነሳም። እሱ በፊት ለፊት በኩል ደረጃው ላይ ተቀምጦ ልጁን ጠበቀ። የሚናገረውን በልቡ እየለካ ነበር፤ ይህን እላታለሁ፣ ይህን ከመለሰችልኝ ይህን እላታለሁ፣ እያለ። በዚህ መሐል ወደ ኩሽናው አንዴም አልዞረም።

ልጅቷ ከባልደረባዋ የተዋሰችውን መኪና እየነዳች ሲረፋፍድ ደረሰች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሳሎን ተቀመጡና ነገራት፤ መቼ እንደተከለ፣ ስንት ፍሬ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚነሳ።

«ዘጠኝ ወር?» አለች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «አባዬ፣ ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? አልጋው ሰኞ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስንት ሰው ለምኜ ነው ያቆየሁት።»

«ቃልህ ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቃሌን አጠፍኩ?»

«አላጠፍክም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አንተን ማን ይጠብቅህ? እሷን ስትፈልግ መንገድ ላይ ብትወድቅስ? በየቀኑ ስልክ ሲጮህ ልቤ ነው የሚወድቀው።»

አናጢው ጠዋት የለካውን ንግግር ሁሉ ተወው። «ልጄ፣» አለ፣ «ቤት ውስጥ ወንድሜ ነኝ። አንዳንዴም ማንም አይደለሁም። ጓሮ ስንወጣ ግን እኔ ነኝ። ስትሰድበኝ እኔን ነው የምትሰድበው፣ ገብቶሻል? በቀን ሁለት ሰዓት ሚስት አለችኝ። እዚያ የምትወስጃት ቦታ ጓሮ አለው?»

 «የለውም» አለች ልጅቷ። «ሲሚንቶ ነው።»

ከውጭ የጎረቤት ውሻ ይሰማል። ልጅቷ አፍንጫዋን ተናፍጣ መሀረቡን ኪሷ ከተተችና ተነሳች። «እስኪ አሳየኝ» አለችው። «ካሳየኸኝ ለመጦሪያው እደውላለሁ። ነርሷን ጠዋት ጠዋት እንድታያችሁ እለምናታለሁ፣ እኔም በየሁለት ሳምንቱ እመጣለሁ። እንዴት እንደማደርገው አላውቅም፤ ብቻ አሳየኝ።»

አናጢው የጉልበቱን ሕመም ረስቶ ቀድሟት ወጣ። ኩሽናውን ሲያቋርጥ የፎሶሊያው ቅርፊት ወለሉ ላይ ተበትኗል፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሳፋውም የለም። የጓሮው በር ተከፍቷል።

ሚስቱ ግድግዳው ሥር ተንበርክካለች። ቅጠሉ ወደ ጎን ተጠርጎ ተከምሯል፤ መደቡ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ፣ አፈሩ እንደ ዱቄት ልሟል። ከእሱ መስመሮች አንድም የቀረ የለም። ሳፋው ውስጥ ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ ነጭ ሽንኩርቱ ተልጦ፣ ገና ያወጣው ክር የሚያህል ሥር እንኳ በጥፍር ተቀንጥሶ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ ተቀምጧል። የመጨረሻዋን ፍሬ እየላጠች ነበር። የሠራችው ሥራ እንከን የለውም፤ በደህናዋ ዘመን እንኳ ከዚህ የተሻለ አልቆፈረችም።

«እዩት እስኪ ጉድ» አለች ቀና ብላ። «ቅጠሉ የእኔ አጣጣል አይደለም ብዬ ገለጥ ባደርገው፣ ችካል የለው፣ ምን የለው፤ ባዶ መሬት ውስጥ ቀብሮት ሄዷል። ዝናብ ሲመታው በስብሶ ይቀር ነበር እኮ። የማያውቅ ሰው ነው የሠራው።» ትንሽ አሰበችና፣ «መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነበር» አለች።

ልጅቷ አባቷን አየችው። እሱ ሳፋውን ያያል። የተላጠ ነጭ ሽንኩርት አይበቅልም፤ ይህንንም ያወቀው ከእሷ ነው።

«አባዬ፣» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «ገበያ ደርሼ ሌላ እገዛለሁ። አሁኑኑ መልሰን እንተክለዋለን። ችካሉንም ራሷ ትትከል።»

ሳይመልስላት ሚስቱ ዶማውን ተደግፋ ተነሳችና ወደ እሱ መጣች። ፊቱን አየችው። እሱም ስድቡን ጠበቀ፤ ቆመህ ምን ታያለህ አንተ ሰው፣ እንድትለው። እሷ ግን እንግዳ ሰውን በምናይበት ትሕትና ፈገግ አለችለትና ዶማውን ዘረጋችለት።

«ይቅርታዎን፣ ይቺን አጥበው ይሰቅሉልኛል? እጄ ዝሏል። ባለቤቴ ቢኖር አላስቸግርዎትም ነበር።»

አናጢው ዶማውን ተቀበለ። ጓሮው ውስጥ ናቸው፣ ፀሐይ አለች፣ አፈሩ ጥፍሯ ውስጥ አለ፣ ሆኖም አላወቀችውም። ዘጠኝ ወር የለመነው ለዚህች ቦታ ነበር፤ እዚህም ከሌለ የትም የለም።

«አያስፈልግም» አላት ልጁን። «ዘግታዋለች።»

ሻንጣው የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ሹራቡን፣ መድኃኒቷን፣ ጥርሱ የረገፈውን አሮጌ ማበጠሪያ ከተቱ። ሚስቱ ካፖርቷን ለብሳ አልተቃወመችም፤ እናቷ ቤት የምትሄድ መስሏታል፣ ማንም አላረማትም። አናጢው እጁን ዘርግቶ መወርወሪያውን ከላይ ሳበና የመንገዱን በር ከፈተላቸው። ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ብዙ ቆየች፤ «ነገ እደውላለሁ፣ ከነገ ወዲያም» አለችው። እሱ ጀርባዋን መታ መታ አደረገ።

መኪናው ሲነሳ ሚስቱ መስታወቱን መታች። ልጅቷ አወረደችላት።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለችው። «ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው። ሲመጣ፣ መሬቱን ሁሉ ዘግታ ነው የሄደችው ይበሉልኝ። ካልነገሩት ይጨነቃል። ለክቶ ካላየ አያምንም እሱ።»

«እነግረዋለሁ» አለ።

«ነጭ ሽንኩርቱንም ሾርባ ያድርገው፣ እንዳይበላሽ።»

«እሺ። እነግረዋለሁ።»

መኪናው የመንገዱን ጥግ እስኪታጠፍ ቆሞ አየ። ከዚያ ወደ ጓሮ ተመለሰና ዶማዋን አጠበ፣ በጨርቅ አድርቆ ቦታዋ ላይ ሰቀላት። ሳፋውን ኩሽና አስገባ። ሲመሽ በሩን ሊዘጋ ሄዶ እጁን ወደ ላይኛው መወርወሪያ አነሳ፤ ያዘውና ትንሽ ቆመ። ሳይዘጋው ተወው።